አንድ ሙሉ ልብስ፦ አመራረጡና አያያዙ

በብዙ ወንዶች ቁም ሳጥን ውስጥ አንድ ሙሉ ልብስ ተሰቅሎ ይገኛል። ለሠርግ የሚወጣው እሱ ነው፤ ለለቅሶ፣ ለሥራ ቃለ መጠይቅ፣ ለልጅ ምረቃም እሱ ነው። የቤቱን ትልልቅ ቀናት ሁሉ ስለሚያይ በአልበም ውስጥ ከባለቤቱ ጋር አብሮ ይኖራል። ይህን ያህል አደራ የሚጣልበት ልብስ ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚገዛው በጥድፊያ፣ ቀለሙና ዋጋው ብቻ ታይቶ ነው።

የእኔም የመጀመሪያው እንዲሁ ነበር። ለምረቃዬ የገዛሁትን ኮት ይዤ ሰፈራችን ወዳሉ አንድ አንጋፋ ልብስ ሰፊ ዘንድ ሄድኩና «ጋሼ፣ ትከሻው ትንሽ ሰፋኝ፤ ያጥብቡልኝ» አልኳቸው። ኮቱን አስለብሰው ዙሪያዬን አዩኝና «ልጄ፣ ወገቡን አጠብባለሁ፣ እጅጌውን አሳጥራለሁ፤ ትከሻ ግን ከሱቅ ነው የሚገዛው» አሉኝ። ያኔ በደንብ ያልገባኝ ያ ቃል የዚህ ጽሑፍ ዋና ሐሳብ ነው። ሙሉ ልብስ ሲገዛ ትከሻው ይታያል፣ ቀሪውን ልብስ ሰፊ ያስተካክለዋል፣ ዕድሜውን ደግሞ አያያዝ ይወስነዋል።

ከትከሻ መጀመር

ኮቱን ለብሰው መስታወት ፊት ሲቆሙ አስቀድመው የትከሻውን ስፌት ይመልከቱ። እጅጌው ከኮቱ ጋር የሚጋጠምበት ስፌት ማረፍ ያለበት የትከሻዎ አጥንት የሚያበቃበት ቦታ ላይ ነው። ከዚያ ካለፈ የውስጡ ስፖንጅ ደጋፊ አጥቶ ይንጠለጠላል፤ ከዚያ ከጎደለ ደግሞ ክንድዎ እጅጌውን ወጥሮ ወደ ውጭ ያብጣል። ለማረጋገጥ ቀላል ዘዴ አለ። ቀጥ ብለው በጎንዎ ወደ ግድግዳ ቀስ ብለው ይጠጉ። ከክንድዎ ቀድሞ ግድግዳውን የነካው የኮቱ ትከሻ ከሆነ ኮቱ ሰፊ ነው።

ትከሻን ማስተካከል የሚከብደው ስፖንጁ፣ ገበሩ፣ የእጅጌው አናትና ኮሌታው ሁሉ እዚያ አካባቢ ስለሚገናኙ ነው። እሱን መንካት ኮቱን እስከ ግማሽ ፈትቶ እንደ አዲስ መስፋት ማለት ነው፤ ዋጋውም ሌላ ኮት ሊገዛ ይችላል። የኮቱ ርዝመትም እንዲሁ አስቸጋሪ ነው። ከታች ሲቆረጥ ኪሶቹ ወደ ጫፉ ቀርበው ቅርጹ ይበላሻል። ስለዚህ ኮቱ መቀመጫዎን የሚሸፍን መሆኑንም ከመክፈልዎ በፊት ይዩ። በመጨረሻ ማጅራትዎ ላይ የኮቱ ኮሌታ ከሸሚዙ ኮሌታ ጋር ተጠግቶ መቀመጡን ይመልከቱ። በመካከላቸው ክፍተት ካለ ኮቱ ለጀርባዎ አልተሠራም።

ልብስ ሰፊው የሚችለው

ትከሻውና ርዝመቱ ልክ ከሆኑ ሌላው ቀላል ነው። የኮቱ ወገብ ይጠብባል። እጅጌው ያጥራል፤ ልኩ የእጅ አንጓ አጥንት ነው፣ ከሥሩ ሸሚዙ አንድ ሴንቲ ሜትር ያህል ብቅ ይላል። ሱሪው ጫማውን ነክቶ ከፊት ለፊት አንዲት ቀላል እጥፋት ብቻ መፍጠር አለበት፤ በጫማው ላይ የሚከመር ሱሪ ሰውን ያሳጥራል። የሱሪ ወገብ ደግሞ ሊሰፋም ሊጠብም ይችላል። ከመግዛትዎ በፊት ሱሪውን ገልብጠው የኋላውን ስፌት ይዩ፤ እዚያ የተተወ ትርፍ ጨርቅ ካለ ነገ ሰውነትዎ ሲጨምርም ይጠቅምዎታል።

ለልክ ሲሄዱ ከልብሱ ጋር የሚያደርጉትን ጫማና ሸሚዝ ይዘው ይሂዱ። በነጠላ ጫማ ቆሞ የተለካ ሱሪ በቆዳ ጫማ ሲለበስ ያጥራል።

አዲስ ኮት ከሱቅ ሲወጣ ሦስት ነገሮች ገና አልተነኩም። የኪሶቹ አፍ በስስ ክር ተሰፍቷል፤ የኋላው ስንጥቅ በመስቀል ቅርጽ ክር ተይዟል፤ በግራው እጅጌ ላይም የፋብሪካው ስም ያለበት ጨርቅ ተለጥፏል። ሦስቱም የተደረጉት ልብሱ በጉዞና በሱቅ ቅርጹን እንዲይዝና ሻጩ ዓይነቱን ቶሎ እንዲለየው ነው። ለባሹ ጋ ሲደርስ ሥራቸው ስላበቃ በትንሽ መቀስ በጥንቃቄ ይፈቱ። የእጅጌውን ምልክት ብዙ ሰው እንደ ጌጥ አድርጎ ይተወዋል፤ ቦታው ግን የሱቅ መደርደሪያ ነው።

ጨርቁን ማወቅ

ገበያ ላይ ያሉት ሙሉ ልብሶች በአብዛኛው ከሱፍ፣ ከፖሊስተር ወይም ከሁለቱ ቅልቅል የተሠሩ ናቸው። ሱፍ ከበግ ፀጉር የሚገኝ ስለሆነ ላብን ይመጥጣል፣ አየር ያሳልፋል፣ የተጨማደደውም ተሰቅሎ ሲያድር በራሱ ይመለሳል። ፖሊስተር ረክሶ ይገኛል፣ ቶሎም አያልቅም፤ ነገር ግን ሙቀት ያፍናል፣ ካውያ ሲበዛበትም ያብረቀርቃል።

የትኛው እንደሆነ የሚጠራጠሩ ከሆነ ከሱሪው የውስጥ ስፌት አንድ ክር ይምዘዙና በመቆንጠጫ ይዘው፣ ከሥሩ ሳህን አድርገው በክብሪት ያቃጥሉት። ሱፍ ቀስ ብሎ ይቃጠላል፣ እሳቱ ሲነሳ ወዲያው ይጠፋል፣ የተቃጠለ ፀጉር ይሸታል፣ አመዱም በጣት ሲነካ ይፈረፈራል። ፖሊስተር ቀልጦ ይሸሻል፣ ሲቀዘቅዝም ጠንካራ ጥቁር ፍሬ ይሆናል። ጥጥ ደግሞ እንደ ወረቀት ነድዶ ያልቃል።

በገበሩ ላይ «ሱፐር 100» ወይም «ሱፐር 150» የሚል ጽሑፍ ያጋጥማል። ይህ ቁጥር የሱፉ ነጠላ ፀጉር ቅጥነት መለኪያ ነው። በዓለም አቀፉ የሱፍ ጨርቃ ጨርቅ ድርጅት ደንብ መሠረት ሱፐር 100 የሚባለው ሱፍ ከ18.75 ማይክሮን አይወፍርም፤ ሱፐር 150 ደግሞ ከ16.25 ማይክሮን አይበልጥም። ማይክሮን የአንድ ሚሊ ሜትር አንድ ሺህኛ ነው። ቁጥሩ ከፍ ባለ መጠን ጨርቁ ይለሰልሳል፣ ይቀጥናል፣ ቶሎም ይጎዳል። አንድ ልብስ ብቻ ላለው ሰው ከ100 እስከ 120 ያለው ይበቃዋል። ቁጥሩ ለሱፍ ብቻ የሚሠራ ስለሆነም ፖሊስተር ላይ ተጽፎ ሲያዩት ዋጋ አይስጡት።

በአገራችን ታላላቆቻችን የሚያሞግሱት ገበርዲን ደግሞ የአሸማመን ዓይነት ነው። ክሮቹ ጥቅጥቅ ብለው በሰያፍ ስለሚሸመኑ ጨርቁ ላይ ቀጫጭን ሰያፍ መስመሮች ይታያሉ። ይህን ጨርቅ እ.ኤ.አ. በ1879 የፈጠረው ቶማስ በርበሪ የተባለ እንግሊዛዊ ልብስ ነጋዴ ሲሆን ዓላማው ዝናብ የማያስገባ ግን የማያፍን ልብስ መሥራት ነበር። ጥንካሬው ዛሬም የሚወራለት ከዚያ ጥቅጥቅ አሸማመን የተነሳ ነው።

የኮቱ ደረት ቀጥ ብሎ የሚቆመው በጨርቁና በገበሩ መካከል ሌላ ድርብ ስላለ ነው። በድሮው አሠራር ይህ ድርብ ሸራ ነው፤ ከፈረስ ፀጉርና ከሱፍ ወይም ከጥጥ ተሸምኖ በክር ይያዛል። በአሁኑ የፋብሪካ አሠራር አብዛኛው በሙጫና በሙቀት ይለጠፋል። ለመለየት ከታችኛው ቁልፍ አጠገብ የውጩን ጨርቅ በአንድ እጅ፣ የውስጡን በሌላው ቆንጥጠው ይለያዩት። በመካከል ሦስተኛ ጨርቅ ሲንሸራተት ከተሰማዎት ሸራ አለው። በሙጫ የተሠራ ኮት መጥፎ ነው ማለት አይደለም፤ ጠላቱ ውሃና ኃይለኛ ሙቀት መሆኑን ግን ማወቅ ያስፈልጋል። ሙጫው ሲለቅ ደረቱ ላይ እንደ ውሃ አረፋ ያብጣል፤ ያ ደግሞ አይመለስም።

ቀለምና አለባበስ

ለአንድ ልብስ ጥሩው ቀለም ጥቁር ሰማያዊ ወይም ጠቆር ያለ ግራጫ ነው። ሁለቱም በነጭ ሸሚዝና በደማቅ ከረባት ለሠርግ ይሆናሉ፤ ከረባቱ ወደ ጥቁር ሲቀየር ደግሞ ለለቅሶ ያገለግላሉ። ነጠላ ወይም ጋቢ ደርበው የሚወጡ ከሆነ የጥጡ ብናኝ ጠቆር ያለ ጨርቅ ላይ ስለሚቀር ቤት ሲመለሱ በብሩሽ ያራግፉት።

ሁለት ቁልፍ ያለው ኮት የላይኛው ይቆለፋል፣ የታችኛው ይተዋል። ኮቱ ሲቀደድ የታሰበው እንዲሁ ስለሆነ የታችኛው ሲቆለፍ ዳሌው ላይ ይወጥራል። ሲቆሙ ይቆልፉ፣ ሲቀመጡ ይፍቱ። የከረባቱ ጫፍ የቀበቶውን ማሰሪያ መንካት አለበት። የሸሚዙ ኮሌታ ተቆልፎ ሁለት ጣት የሚያስገባ ከሆነ ልክ ነው። ቀበቶና ጫማ በቀለም ይቀራረቡ፤ ካልሲ ሱሪውን ይምሰል፣ ሲቀመጡም ቅልጥም እንዳይታይ ይርዘም።

ዕድሜ የሚሰጠው አያያዝ

ሙሉ ልብስን የሚያስረጀው ከመልበስ ይልቅ እጥበቱ ነው። አንዴ በተለበሰ ቁጥር ወደ ላውንደሪ መላክ አያስፈልግም። ቤት ሲገቡ ኪሱን ባዶ ያድርጉ፣ አቧራውን በለስላሳ ብሩሽ ከላይ ወደ ታች ይጥረጉ፣ ሰፊ ትከሻ ባለው መስቀያ ሰቅለው አየር በሚገባበት ቦታ ያሳድሩት። ቀጭን የሽቦ መስቀያ ትከሻውን ያጎብጠዋል። የተጨማደደ ሱፍ የሞቀ ሻወር በሚወሰድበት ክፍል ለጥቂት ደቂቃ ቢሰቀል እንፋሎቱ ያቃናዋል።

ሲተኩሱ ካውያው ጨርቁን በቀጥታ እንዳይነካ እርጥብ የጥጥ ጨርቅ በመካከል ያድርጉ። ብዙ ጥሩ ሙሉ ልብሶች የኮታቸው ክርንና የሱሪያቸው ጭን እንደ መስታወት አብረቅርቆ የሚበላሸው በዚህ ጉድለት ነው። ኮትና ሱሪ ደግሞ ሁልጊዜ አብረው ይጸዱ፤ ካልሆነ ቀለማቸው ይለያያል።

ሱፍን የሚፈጀው ብል ነው። ጉዳቱን የሚያደርሰው የሚበረው ነፍሳት ሳይሆን እጩ ነው፤ ላብና የምግብ ጠብታ ያለበትን ቦታ ይመርጣል። ስለዚህ ለወራት የሚቀመጥ ልብስ መጀመሪያ ይጽዳ፣ የላውንደሪው ላስቲክ ይውጣለትና በጨርቅ ከረጢት ይሸፈን። በየጊዜው አውጥቶ አየር ማስመታትና በብሩሽ መጥረግም ይበጃል። ሳይቃጠል በቅጠል የሚባለው ለልብስም ይሠራል።

ጫማ

ንጹሕ ጫማ ያረጀን ልብስ ያቃናል፤ የቆሸሸ ጫማ አዲሱን ያፈርሳል። አሠራሩን የሊስትሮ ልጆች ጠንቅቀው ያውቃሉ። መጀመሪያ አቧራውና ጭቃው በእርጥብ ጨርቅ ይነሳል፤ ሲደርቅ ቀለም በስሱ ይቀባል፤ ጥቂት ቆይቶ በብሩሽ ይመታል፤ በመጨረሻ በጨርቅ ይወለወላል። በአቧራ ላይ የተቀባ ቀለም ቆዳውን ይፍቃል እንጂ አያጠራውም።

በክረምት የራሰ ጫማ ፀሐይ ላይ ወይም ከሰል አጠገብ አይቀመጥ፤ ቆዳው ይሰነጠቃል። ጋዜጣ ጠቅጥቀው ጥላ ውስጥ ያድርቁት፤ ጋዜጣው ሲረጥብ ይቀይሩት። ቢቻል አንድ ጫማ ሁለት ቀን ተከታትሎ አይደረግ፤ ቆዳው የጠጣውን ላብ ለመልቀቅ አንድ ቀን ይፈልጋል።

ፊትና ፀጉር

ልብሱና ጫማው ከተስተካከሉ የሚቀረው ፊትና ፀጉር ነው። የእኛ ፀጉር አብዛኛው ከርዳዳ ወይም ጥቅልል ነው። እንዲህ ያለ ጺም ከሥሩ ተጠግቶ ሲላጭ ጫፉ ይሾልና ሲያድግ ተጠምዞ ወደ ቆዳው ተመልሶ ይገባል። ቆዳው ደግሞ እንደ ባዕድ ነገር ስለሚቆጥረው ያብጣል፤ አገጭና አንገት ላይ የሚወጣው ሽፍታ ይህ ነው። መፍትሔው ጠልቆ አለመላጨት ነው። ፊትዎን በሞቀ ውሃ ያርሱ፣ የመላጫ አረፋ ይቀቡ፣ ቆዳውን ሳይወጥሩ ፀጉሩ ወደሚያድግበት አቅጣጫ ብቻ ይላጩ፣ ምላጩን ቶሎ ቶሎ ይቀይሩ። ሽፍታው ከጸናብዎ ምላጩን ለጥቂት ሳምንታት ትተው በማሽን አንድ ሚሊ ሜትር ያህል እያስቀሩ ይከርከሙ።

ማጅራትም እንዲሁ ነው። በየሳምንቱ በምላጭ የሚጸዳ ማጅራት እብጠት ሊያወጣና ወደማይለቅ ጠባሳ ሊቀየር ስለሚችል «ከሥሩ አትንካው» ብለው ለፀጉር አስተካካዩ ይንገሩ። ሲቀመጡም አዲስ ምላጭ መከፈቱን በዓይንዎ ይዩ፤ ማሽኑ በአልኮል እንዲጸዳ ይጠይቁ። ቆረቆር ባልጸዳ ማሽን ይተላለፋል፤ ደም የነካ ምላጭ ደግሞ የጉበት ቫይረስና ኤችአይቪ ሊያስተላልፍ ይችላል። ይህን መጠየቅ ነውር የለውም፤ ጥሩ ባለሙያ ራሱ ያሳይዎታል።

አዲስ ልብስ ለመግዛት ከመነሳትዎ በፊት ዛሬ ማታ ቁም ሳጥንዎ ውስጥ ያለውን ያውጡት። ይልበሱት፣ መስታወት ፊት ይቁሙ፣ ትከሻውን ይዩ። ትከሻው ልክ ከሆነ ጥሩ ሙሉ ልብስ አለዎት፤ በዚህ ሳምንት ወደ ልብስ ሰፊ ይውሰዱት።