ልብ ያለ ወትሮው ሲመታና ሥጋት ሲከተለው

ጉበት ሲሠራ አይሰማንም፤ ኩላሊትም ደምን ሲያጣራ ድምፁን ሰምቶ የሚያውቅ ሰው የለም። ልብ ግን ከቀሩት የውስጥ ብልቶች ተለይቶ አንዳንድ ጊዜ ሥራውን ለባለቤቱ ያስታውቃል። ደረጃ በሩጫ ስንወጣ፣ ፈተና ልንቀመጥ ስንል፣ ወይም ሌሊት በር በድንገት ሲንኳኳ ምቱን በደረታችንና በአንገታችን፣ አልፎ አልፎም በጆሮአችን ውስጥ እንሰማዋለን። የዚህ ምክንያቱ የታወቀ ስለ ሆነ ማንንም አያስፈራም። የሚያስፈራው ሌላ ነው፤ ይኸውም ሰው በጸጥታ ተቀምጦ ሳለ ወይም ከአልጋው ጋደም እንዳለ፣ ያለ አንዳች ምክንያት ልቡ ድው ድው ሲልበት፣ ወይም ለአንድ አፍታ ቀጥ ብሎ እንደገና በኀይል ሲመታ ነው። በዚህ ወር ለአንባቢዎቻችን የምናስረዳው ስለዚሁ ነገር ነው።

ይህንን መጻፍ ያስፈለገንም ሁለት ዓይነት ሰዎች ስለሚጎዱበት ነው። አንደኛው ልቡ ጤነኛ ሆኖ ሳለ «ዛሬ መሞቻዬ ነው» እያለ ሥራውን፣ መንገዱንና እንቅልፉን የሚተው ሰው ነው። ሁለተኛው ልቡ በእውነት የታመመ ሆኖ ሳለ ዘመዶቹ «ጭንቀት ነው፤ ይተውሃል» ወይም «ዐይነ ጥላ ነው» እያሉ ከሐኪም የሚያስቀሩት ሰው ነው። እነዚህን ሁለቱን በመጨረሻ የሚለያቸው ሐኪም ነው። ነገር ግን ለሐኪሙ የሚጠቅመውን ማስተዋል ማንኛውም ሰው በአንድ ሰዓትና በሁለት ጣቶቹ ሊሰበስብ ይችላል።

ልብ የባለቤቱን ጭብጥ እጅ የሚያክል፣ ከጡንቻ የተሠራ ብልት ነው። የጎልማሳ ሰው ልብ በዕረፍት ጊዜ በደቂቃ ከ60 እስከ 100 ጊዜ ይመታል። በደቂቃ 70 ጊዜ ይመታል ብለን ብናሰላው በሰዓት 4,200፣ በቀን ደግሞ ከ100,000 በላይ ይሆናል። (የሒሳብ መምህራን ይህንን ለተማሪዎቻቸው ቢሰጡት ጥሩ የማባዛት መልመጃ ይሆናቸዋል።) ከዚህ ሁሉ ምት ውስጥ ጥቂቱ ጊዜውን ቢስት የሚያስደንቅ አይደለም።

የምቱን ትእዛዝ የምትሰጠው በልብ የቀኝ የላይኛ ክፍል ውስጥ ያለች አንዲት ትንሽ ሥፍራ ናት፤ እርስዋም እንደ ትምህርት ቤት ደወል ጊዜዋን ጠብቃ የኤሌክትሪክ ምልክት ትልካለች። አንዳንድ ጊዜ ግን ሌላ የልብ ክፍል፣ ደወሉን ከሰዓቱ በፊት እንደሚደውል ችኩል ተማሪ ሆኖ፣ ተራው ሳይደርስ ምልክት ያወጣል። ልብም ከዚያች ያልተጠበቀች ምት በኋላ ጥቂት ያርፋል፤ ባረፈበትም ጊዜ ከወትሮው የበለጠ ደም ይሞላዋል፤ ስለዚህ ቀጥላ የምትመጣው ምት ኀይለኛ ትሆናለች። ሰውየው «ልቤ ቀጥ አለና ከዚያ ደረቴን መታኝ» የሚለው ይህንኑ ነው። የልባቸው ምት ሌት ተቀን በሚመዘግብ መሣሪያ ከተመረመሩት ጤነኞች መካከል በብዙዎቹ ላይ እንዲህ ያለው ምት ይገኛል፤ የሚበዙትም መምታቱን ከቶ አላወቁትም።

ፍርሀት ከዚህ ላይ እንዴት እንደሚገባ ማስተዋል ይገባል። ሰው ሲደነግጥ ከኩላሊቶቹ በላይ የተቀመጡት ዕጢዎች አድሬናሊን የተባለውን ንጥረ ነገር ወደ ደም ይለቃሉ። ሥራውም ሰውነትን ለሩጫ ወይም ለትግል ማዘጋጀት ስለ ሆነ ልብን ያፈጥናል፣ እስትንፋስን ያበዛል፣ ላብ ያመጣል። ጅብ በመንገድ ላይ ለገጠመው ሰው ይህ ትልቅ ርዳታ ነው። ነገር ግን ሰውነት ጅቡንና የጅቡን ሐሳብ አይለይም። ሰውየው አንዲት የሳተች ምት ተሰምታው «ልቤ ሊቆም ነው» ብሎ ባሰበ ጊዜ አድሬናሊኑ ይለቀቃል፤ ልቡም በእውነት ይፈጥናል፤ መፍጠኑንም የሞቱ ማስረጃ አድርጎ ይወስደዋል፤ ፍርሀቱም ይጨምራል። አብዝቶ ሲተነፍስ ደግሞ በደሙ ውስጥ ያለው የተቃጠለ አየር ይቀንስና ጣቶቹና ከንፈሩ ይነዝሩታል፣ ራሱም ይዞረዋል። በዚህን ጊዜ ከቤቱ ያሉት ሁሉ መሯሯጥ ይጀምራሉ፤ አንዱ ውኃ ይረጫል፣ ሌላው ክብሪት ጭሮ ያሸታል፣ የሰውየውም ሥጋት ይብስበታል። እንዲህ ያለው የድንጋጤ ማዕበል አብዛኛውን ጊዜ በ10 ደቂቃ ውስጥ ከጫፉ ይደርስና ይበርዳል።

በአማርኛችን ልብ የሥጋ ብልት ብቻ አለመሆኑም ነገሩን ሳያከብደው አይቀርም። «ልብ አድርግ» ስንል አስተውል ማለታችን ነው፤ ደፋሩን ልበ ሙሉ፣ ማስተዋል የጎደለውን ልበ ቢስ እንለዋለን። እንግዲህ ልቡ የታወከበት ሰው ሁለንተናው የታወከ ቢመስለው አይፈረድበትም።

ይህ ሕመም የፈሪ ነው የሚሉ አሉ፤ እኛ በዚህ አንስማማም። በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ጊዜ (በፈረንጆች አቆጣጠር ከ1861 እስከ 1865) ያኮብ ዳ ኮስታ የተባለ ሐኪም ልባቸው እጅግ የሚመታባቸውን፣ ደረታቸውን የሚያማቸውንና ቶሎ የሚደክሙትን ብዙ ወታደሮች መርምሮ በ1871 ጽፎአል። ከብዙዎቹም ልብ ላይ የተበላሸ ነገር አላገኘም። እነዚህ ከጦር ሜዳ የመጡ ሰዎች ነበሩ። ስለዚህ «አትፍራ፤ ወንድ አይደለህም ወይ» የሚለው የዘመድ ምክር የታመመውን ሰው ዝም ያሰኘው እንደ ሆነ እንጂ ልቡን አያሳርፈውም።

ልብን የሚያፈጥኑ ሌሎች ነገሮችም አሉ። ከሁሉ አስቀድሞ የሚጠየቀው ቡና ነው። ቡናን ሁሉ በደፈናው መክሰስ ግን ልክ አይደለም፤ አቦሉን፣ ቶናውንና በረካውን ጠጥቶ ምንም የማይሰማው ሰው ብዙ ነው፤ በአንድ ስኒ የሚታወክም አለ። የሚሻለው ራስን መመርመር ነው። ሁለት ሳምንት ያህል መጠኑን ቀስ በቀስ ቀንሶ ማየትና ልዩነቱን መጻፍ ይበቃል፤ በአንድ ቀን ቢቆርጡት ራስ ያማልና። በቡና ውስጥ ያለው ካፌይን ከ5 ሰዓት ያህል በኋላም ግማሹ በደም ውስጥ ስለሚቀር የማታው ቡና ሌሊቱን ይከተላል። ሻይም በመጠኑ እንዲሁ ነው።

ጫት ግን ከዚህ የከበደ ነው። በለጋው ቅጠል ውስጥ ያለው ካቲኖን የተባለው ነገር የልብን ምትና የደምን ግፊት ከፍ ያደርጋል፣ እንቅልፍንም ይነሣል፤ ልቡ የሚመታበት ሰው ጫት እየቃመ መድኃኒት ቢፈልግ ድካሙ ከንቱ ነው። ትምባሆና የአልኮል መጠጥም ከዚህ ጋር ይቈጠራሉ፤ ብዙ ጠጥቶ ባደረ ሰው ላይ ልብ በማግስቱ ሥርዓቱን ሊያጣ ይችላል። ለጉንፋን የሚሸጡ አፍንጫ የሚከፍቱ አንዳንድ ክኒኖችና ለአስም የሚሳብ መድኃኒትም ልብን ያፈጥናሉ፤ ስለዚህ ሰው የሚወስደውን ሁሉ ለሐኪሙ ሳይደብቅ ይንገር። ከሰውነት ውስጥ ከሚነሡት ምክንያቶች ዋነኞቹ ትኩሳት፣ የውኃ ጥማት፣ በተለይም በእርጉዞችና ብዙ ደም በሚፈሳቸው ሴቶች ላይ የሚታየው የደም ማነስ፣ እንደዚሁም የእንቅርት ዕጢ ከልክ በላይ መሥራት ናቸው። እየበላ የሚከሳ፣ እጁ የሚንቀጠቀጥና ሙቀት የማይስማማው ሰው ይህን የመጨረሻውን ሊጠረጥር ይገባል። ለእነዚህ ሁሉ የደም ምርመራ አለ፤ በሽታው ሲድን ልቡም ያርፋል።

አሁን በተለይ መምህራን እንዲያስተውሉት ወደምንፈልገው ደርሰናል። በአገራችን በልጆችና በወጣቶች ላይ ከሚደርሱት የልብ በሽታዎች ብዙውን የሚያመጣው የጉሮሮ ሕመም ነው ብንል የሚደንቀው ይኖር ይሆናል፤ ነገሩ ግን እውነት ነው። ከ5 እስከ 15 ዓመት ያለ ልጅ ስትሬፕቶኮከስ በተባለው ተዋሲ ጉሮሮው ሲታመምና በጊዜው ሳይታከም ሲቀር፣ ከ2 እስከ 4 ሳምንት ያህል ቈይቶ ትኩሳትና ከአንዱ መገጣጠሚያ ወደ ሌላው የሚዘዋወር ቁርጥማት ሊይዘው ይችላል። ሰውነቱ ተዋሲውን ሲዋጋ ቫልቭ የሚባሉትን የገዛ ልቡን በሮች ያቈስላቸዋል። ቁርጥማቱ በሳምንታት ውስጥ ይለቃል፤ ልጁም ዳነ ይባላል። ከዓመታት በኋላ ግን ሲሮጥ ይደክመዋል፣ ልቡ ይመታበታል፣ ሌሊት ቀና ብሎ ካልተቀመጠ ትንፋሽ ያጥረዋል። ልጅቱ አድጋ ያረገዘች እንደ ሆነ ደግሞ ሕመሙ ያን ጊዜ ይገለጥባታል። በስፖርት ሰዓት ወደ ኋላ የሚቀረውን ልጅ ሰነፍ ከማለት በፊት ጉንጉኑን ወይም ጉልበቱን አብጦት ያውቅ እንደ ሆነ መጠየቅ ከመምህሩ የሚጠበቅ ነው። በሽታው አስቀድሞ የታወቀለት ልጅ በየ3 ወይም በየ4 ሳምንቱ የፔኒሲሊን መርፌ ለብዙ ዓመታት ሲወጋ እንደገና ከመታመም ይጠበቃል። ጠበል የሚሄዱ ቤተ ሰቦችም መርፌውን እንዳያቋርጡ አጥብቀን እንለምናለን፤ ሁለቱ የሚጣሉ አይደሉም።

እንግዲህ ልቡ ያለ ወትሮው የሚመታበት ሰው በመጀመሪያ የሚያደርገው መቍጠር ነው። የአንዱን እጅ መዳፍ ወደ ላይ አድርጎ፣ በሌላው እጅ ሌባ ጣትና መካከለኛ ጣት ከአውራ ጣት ሥር ባለው የእጅ አንጓ ላይ በቀስታ ይጫን፤ የደም ሥሩን ምት ባገኘ ጊዜ ሙሉ አንድ ደቂቃ ይቍጠር። ከዚያም በደብተር ላይ ቀኑንና ሰዓቱን፣ ቍጥሩን፣ ምቱ እንደ ሰዓት እኩል መሆኑን ወይም የተዘበራረቀ መሆኑን፣ ሲጀምር ምን ይሠራ እንደ ነበረ፣ ሲለቀውም በድንገት ወይም በዝግታ መሆኑን ይጻፍ። በቀን ሃያ ጊዜ መቍጠር ግን ከሥጋቱ መቀጠል በቀር ጥቅም የለውም። የእጅ ስልክና የልብ ምት የሚያሳይ የእጅ ሰዓት የያዙ ሰዎችም በዚህ ፈተና ሲወድቁ እናያለን። ሕመሙ በተሰማ ጊዜ አንድ ጊዜ ቈጥሮ ጽፎ መተው ነው።

በፍርሀት የመጣ ፍጥነት እንደ ወንዝ ሙላት ቀስ ብሎ ወጥቶ ቀስ ብሎ ይወርዳል። እንደ መብራት ቦግ ብሎ በአንድ ጊዜ በደቂቃ ከ150 በላይ የሚደርስና በድንገት የሚጠፋ ከሆነ ግን የልብ የኤሌክትሪክ መንገድ ጉድለት ሊሆን ይችላል። ይህ ዓይነቱ ሕመም፣ ይልቁንም በሴቶች ላይ፣ «የነርቭ ነው» እየተባለ ብዙ ጊዜ ሳይታወቅ ይቀራል፤ ሆኖም በደኅና የሚታከም ነው። ምቱ ፈጽሞ ሥርዓት የሌለው ሆኖ ሲቈይም ደም በልብ ውስጥ ረግቶ ወደ አንጎል ሊሄድ ስለሚችል መዘግየት አይገባም። ከልቡ መምታት ጋር ራሱን የሳተ፣ ደረቱን ጨምቆ ይዞ ወደ ክንዱ ወይም ወደ መንጋጋው የሚሄድ ሕመም የተሰማው፣ ተቀምጦ ሳለ ትንፋሽ ያጠረው፣ ወይም በወጣትነቱ በድንገት የሞተ የቅርብ ዘመድ ያለው ሰው ደብተሩን እስኪሞላ አይጠብቅ፤ ያን ጊዜውኑ ወደ ሆስፒታል ይሂድ።

ከእነዚህ ምልክቶች አንዱም የሌለው፣ ሐኪምም ልቡን መርምሮ ደኅና ነው ያለው ሰው ግን ማዕበሉ ሲነሣ የሚሠራው ሌላ ነው። ይቀመጥ፤ መቀነቱንና ክራባቱን ያላላ፤ በአፍንጫው እስከ 4 እየቈጠረ ወደ ውስጥ ይሳብ፣ እስከ 6 እየቈጠረ ቀስ ብሎ ያስወጣ። እንዲህ ሲያደርግ በደቂቃ 6 ጊዜ ያህል ይተነፍሳል፤ ረዥሙ ማስወጣትም ልብን የሚያዘገየውን ነርቭ ያነቃል። ከማዕበሉ ጋር አይታገል፤ «ይህ አድሬናሊን ነው፤ ጥቂት ቈይቶ ይበርዳል» ይበል። ከቻለም የጀመረውን ሥራ ይቀጥል። ከሁሉ የሚከፋው ሽሽት ነው፤ በአውቶቡስ ውስጥ ልቡ የመታበት አውቶቡስን፣ በገበያ የመታበት ገበያን የተወ እንደ ሆነ፣ ዓለሙ በየወሩ እየጠበበ ከቤቱ በር ላይ ይደርሳል። እንዲህ የሆነበት ሰው የአእምሮ ሕክምና የሚሰጥበትን ክፍል ቢጠይቅ ነውር የለበትም፤ በንግግር የሚሰጠው ሕክምና ለዚህ እጅግ የሚረዳ ነው፤ አስፈላጊም ሲሆን መድኃኒት ይታዘዛል። ለጎረቤት የታዘዘ የልብ ማዘግያ ክኒን ተውሶ መዋጥ ግን ክልክል ነው፤ ከእነዚህ አንዳንዶቹ አስም ያለበትን ሰው እስትንፋስ ሊዘጉ ይችላሉ።

ወደ ሐኪም ሲኬድ ደብተሩን ይዞ መሄድ አይረሳ። ሐኪሙ በሆላንዳዊው በአይንትሆቨን ሥራ የተጀመረውን፣ ለእርሱም በ1924 የኖቤል ሽልማት ያሰጠውን የልብ ኤሌክትሪክ ንድፍ ያነሣለት ይሆናል። ንድፉ የሚያሳየው ግን በዚያች ጥቂት ሴኮንድ የሆነውን ብቻ ነው፤ ትናንት ማታ የመታውን አይናገርም። ስለዚህ ንድፉ ደኅና ሆኖ ሕመሙ ቢመላለስ፣ ሌት ተቀን የሚመዘግበው መሣሪያ በአካባቢው ይገኝ እንደ ሆነ መጠየቅ ተገቢ ነው። ምቱ እንዴት እንደ ነበረ በቃል ማስረዳት ያቃተው ሰው ደግሞ በጣቱ የሐኪሙን ጠረጴዛ እየመታ ያሳየው፤ እኩል ፈጣን ይሁን፣ እየዘለለ የሚሄድ ይሁን፣ የተዘበራረቀ ይሁን፣ ሐኪሙ ከረዥም ንግግር ይልቅ ከዚያ ይረዳዋል።