ውሃ የገባበት ትራፕ፦ ተረቱና እውነታው

ትራፕ አንቴና አንድ ሽቦ በሁለትና ከዚያ በላይ በሆኑ ባንዶች እንዲሠራ ያደርጋል። ትራፕ የሚባለው በትይዩ የተገናኙ የሽቦ ጥቅልና ካፓሲተር ሲሆን፣ በራሱ ሬዞናንስ ፍሪኩዌንሲ ላይ ከማዶው ያለውን ሽቦ ይነጥላል። በአማተር ሬዲዮ ሰዎች ዘንድ የታወቀው ምሳሌ ቼስተር ቡካናን እ.ኤ.አ. በ1955 በአሜሪካው ኪው ኤስ ቲ መጽሔት ያቀረበው፣ በጥሪ ምልክቱ ደብሊው 3 ዲ ዚ ዚ የሚባለው ዳይፖል ነው። እያንዳንዱ ትራፕ 8.3 ማይክሮሄንሪና 60 ፒኮፋራድ ስላለው 7.1 ሜጋኸርዝ ገደማ ላይ ሬዞናንስ ያደርጋል። በዚህ ፍሪኩዌንሲ፣ ማለትም በ40 ሜትር ባንድ፣ የሚሠራው በሁለቱ ትራፖች መካከል ያለው ሽቦ ብቻ ነው። በ80 ሜትር ግን ከረንቱ ትራፑን አልፎ እስከ ጫፍ ይደርሳል፤ ጥቅሉም ርዝመት ስለሚተካ 40 ሜትር ያህል ሽቦ የሚፈልገው ዳይፖል በ33 ሜትር ገደማ ያልቃል።

በሲሊኮን ጥርቅም አድርገው ያሸጉት ትራፕ ውሃ አያስገባም የሚለው እምነት ብዙ ትራፕ አበላሽቷል። ፀሐይ ሲመታው በውስጡ ያለው አየር ይለጠጣል፤ ሲመሽ ወይም ዝናብ ሲወርድበት ይኮማተርና ዓይን በማያየው ስንጥቅ እርጥብ አየር ይስባል። እርጥበቱ ውስጥ ገብቶ ጤዛ ይሆናል፤ መውጫ ግን አያገኝም። ፋብሪካዎች ከትራፑ ታች ትንሽ ቀዳዳ የሚተዉት ለዚህ ነው። ጉድለት መስሏቸው የሚደፍኑት ሰዎች ግን ጥቂት አይደሉም፤ ሰው ያልደፈነውን ደግሞ ሸረሪትና ተርብ ይደፍኑታል። ኮምጣጤ ኮምጣጤ የሚሸተው የሲሊኮን ዓይነት ሌላም ጣጣ አለው፤ ሲደርቅ የሚለቀው አሲድ መዳብ ይበላል።

ዝናብ ያዛባው አንቴና ሲደርቅ ይስተካከላል የሚባለው ግማሽ እውነት ነው። ፕላስቲክ የለበሰ ሽቦ ሲረጥብ ሬዞናንሱ በጥቂቱ ዝቅ ይልና ዝናቡ ባባራ በሰዓታት ውስጥ ይመለሳል። በትራፕ ውስጥ ያለ ውሃ ግን ሌላ ነገር ነው። የውሃ ዳይኤሌክትሪክ ቁጥር 80 ገደማ ሲሆን የፖሊኤቲሊን 2.3 ብቻ ስለሆነ፣ ትንሽ ጠብታ እንኳ ካፓሲታንሱን ከፍ ያደርጋል። ካፓሲታንሱ በ2 በመቶ ሲጨምር ፍሪኩዌንሲው በ1 በመቶ፣ ማለትም 70 ኪሎኸርዝ ያህል ይወርዳል፤ አፍሪካና አውሮፓ ውስጥ የ40 ሜትር ባንድ ጠቅላላ ስፋቱ 200 ኪሎኸርዝ ነው። በበጋ የተጠራቀመ አቧራ ከውሃው ጋር ሲቀላቀል ደግሞ ከረንት ያሳልፋል፤ ኃይሉ ሙቀት ሆኖ ይባክናል፣ አንዳንዴም ብልጭታ በፕላስቲኩ ላይ የከሰል መስመር ያሰምራል። ይህ መስመር ትራፑ ቢደርቅም አይጠፋም።

ከሁሉ የሚያሳስተው ግን ከአንቴናው የሚመለሰውን ኃይል የሚያሳየው የኤስ ደብሊው አር ንባብ ዝቅ ካለ አንቴናው ጤነኛ ነው የሚለው ነው። ሬዲዮውን ከአንቴናው የሚያገናኘው ኬብል ውሃ ሲገባበት ወደ አንቴናው የሚሄደውንም የሚመለሰውንም ኃይል ስለሚበላ ንባቡን ያሳምረዋል። አንቴናው ላይ 3 የሆነ ኤስ ደብሊው አር፣ 3 ዴሲቤል በሚያባክን ኬብል በኩል ሲታይ 1.7 ገደማ ሆኖ ይነበባል፤ ግማሹ ኃይል ግን መንገድ ላይ ቀርቷል። ንባቡ ያለ ምክንያት ሲሻሻልና ባንዱ የሰፋ ሲመስል ሊያስደስት ሳይሆን ሊያጠራጥር ይገባል። ሬዲዮው አጠገብ የሚቀመጠው ቱነርም ማሠራጫውን ከማስማማት ያለፈ ለረጠበው ትራፕ የሚያደርግለት ነገር የለም።

ፍሪኩዌንሲው ሲዛባ ብዙዎች መቀስ ያነሳሉ። አዲስ አንቴና ሲስተካከል ከላይኛው ባንድ፣ ማለትም ከውስጠኛው ሽቦ ተጀምሮ ወደ ጫፍ ይኬዳል። ለዓመታት በትክክል የሠራ ሽቦ ግን በራሱ ያን ያህል አይረዝምም፤ የ40 ሜትሩ ሬዞናንስ ወርዶ ከተገኘ የሚጠረጠረው ትራፑ ነው። ሁለቱም ትራፖች ወርደውና ከሽቦው ተለይተው በዲፕ ሜትር ወይም በትንሽ የሽቦ ቀለበት በኩል በአንቴና አናላይዘር ይለካሉ። የሁለቱ ንባብ ከተራራቀ ዝቅ ያለው ተከፍቶ ፀሐይ ላይ ይሰጣል፤ የትራፑ ፕላስቲክ ፒቪሲ ከሆነ ስለሚለሰልስ ምድጃ አይመከርም። ደርቆ ፍሪኩዌንሲው ከተመለሰ ችግሩ እርጥበት ነበር፤ ካልተመለሰ መጋጠሚያዎቹ ዝገው ወይም ፕላስቲኩ ከስሎ ሊሆን ይችላል። የዛገ መጋጠሚያ ተፍቆ እንደገና ይበየዳል፣ የከሰለ ትራፕ ግን ይቀየራል። ሲሰቀልም ቀዳዳው ተጠርጎ ወደ ምድር ይዞራል።