ቀጭኑ አጥሚት

ሕፃን ምግብ መቼ ይጀምር የሚለው ጥያቄ ሐኪሞችንም ሲያከራክር ኖሯል። የዓለም ጤና ድርጅት ቀድሞ ከአራት እስከ ስድስት ወር ባለው ጊዜ ይጀመር ይል ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2001 የዓለም ጤና ጉባኤ እስከ ስድስት ወር የእናት ጡት ብቻ እንዲሰጥ ምክሩን አጸና። አያቶች ይህን ሲቀያየር ታዝበው በሐኪም ነገር ቢስቁ አይፈረድባቸውም።

ስድስት ወር የተባለው ያለ ምክንያት አይደለም። ልጁ ሲወለድ ከእናቱ የያዘው የብረት ክምችት በዚያ ሰሞን ይመናመናል፤ የጡት ወተት ደግሞ ብረቱ ጥቂት ነው። ከዚያ በፊት ውኃም ሆነ የአብሽ ውኃ መስጠት ለተቅማጥ ያጋልጣል። ለአራስ ልጅ ቅቤ ማስላስና እንገሩን አልቦ መድፋትም ጨርሶ አልቀረም። ያም ሆኖ እ.ኤ.አ. በ2016 በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት፣ ከስድስት ወር በታች ካሉ የኢትዮጵያ ሕፃናት 58 በመቶው ጡት ብቻ ይጠቡ ነበር። ከስድስት ወር እስከ ሁለት ዓመት ካሉት ግን በዓይነትም በድግግሞሽም የሚበቃ ምግብ ያገኙት 7 በመቶ ናቸው። ወሩ ላይ ስንከራከር ሳህኑን ረስተነዋል።

በብዙ ቤት የመጀመሪያው ምግብ አጥሚት ነው፤ ያውም በጡጦ እንዲወርድ የቀጠነ። የሕፃን ሆድ ትንሽ ነውና ውኃው ቶሎ ይሞላዋል፣ ጉልበት ግን አይሆነውም። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ማንኪያ ሲዘነበል ቶሎ የማይፈስ ገንፎ ይሁን የሚሉት ለዚህ ነው። እህልን ከጥራጥሬ ጋር መመጠንም የቆየ ምክር ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ በስዊድን ድጋፍ የተጀመረው ፋፋ የተባለው የሕፃናት ዱቄት ከዚሁ ሐሳብ የወጣ ነው። እህሉን አብቅሎ፣ አድርቆ መፍጨት ደግሞ ዱቄቱ በርከት ቢልም ገንፎው ለመዋጥ እንዲላላ ያደርጋል። ለጠላ ብቅል የምታበቅል እናት ሞልታለች፤ ለልጇ ገንፎ የምታበቅል ግን እምብዛም አትገኝም።

ከስድስት እስከ ስምንት ወር በቀን ሁለት ሦስት ጊዜ፣ ከዚያ በኋላ ሦስት አራት ጊዜ መመገብ፣ ጡቱንም እስከ ሁለት ዓመትና ከዚያም በላይ አለማቋረጥ ነው የሚመከረው። ከባዱ እንቁላልና ወተቱ ነው። ዋጋው አንድ ነገር ነው፤ ሌላው ጾሙ ነው። በቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ከሰባት ዓመት በታች ያለ ልጅ የመጾም ግዴታ የለበትም። እናት ግን የጾም ድስቷና ማንኪያዋ እንዳይነካካባት ትፈራለች፤ ለአንድ ሕፃን ብላ እንቁላል መቀቀሉን ትተወዋለች። ሁዳዴ ብቻውን 55 ቀን ነው። በቅበላ ሰሞን ስድስት ወር የሞላው ልጅ ምግብ የጀመረባቸውን ሁለት ወራት ገደማ እንዲሁ ሊያልፋቸው ይችላል። ለልጁ አንድ ትንሽ ድስትና ማንኪያ ለብቻ መለየት ከብዙ ትምህርት ይበልጣል ባይ ነኝ።

ምክሩም ቢሆን ጊዜውን ጠብቆ አይደርስም። ከ14ኛው ሳምንት ክትባት በኋላ በአብዛኛው አካባቢ ቀጣዩ መደበኛ የክትባት ቀጠሮ 9ኛው ወር ላይ፣ ለኩፍኝ ነው፤ ምግብ የሚጀመርበት ወር መሐል ላይ ይወድቃል። ተቀጥራ የምትሠራ እናት ከወለደች በኋላ ያላት ፈቃድ ደግሞ 90 ቀን ነው። ስድስተኛው ወር ሲመጣ ቀን ቀን ልጁን የምታበላው ሞግዚት ወይም አያት ናት፤ በጤና ጣቢያ ምክሩን የሰማችው ግን እናትየዋ ናት።