ርካሹ ላፕቶፕ በዓመት ስንት ያስወጣል?

የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገበት ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ወዲህ ከውጭ የሚገባ ዕቃ ዋጋ ሌላ መልክ ይዟል። ከዚያ ቀን በፊት በባንክ 57 ብር አካባቢ ይመነዘር የነበረው አንድ ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ወጥቷል። ቀድሞ ለሒሳብ ሠራተኛው አዲስ ላፕቶፕ ብዙ ሳያስብ ይገዛ የነበረ ነጋዴም ፊቱን ወደ አነስተኛ ዋጋ ማሽኖች ቢያዞር አያስገርምም። ሆኖም ሊጠየቅ የሚገባው ጥያቄ «ስንት ነው?» ሳይሆን «ስንት ዓመት ያገለግላል?» የሚለው ነው።

በአዲስ አበባ ገበያ ለአነስተኛ ድርጅት አቅም የሚቀርቡት ላፕቶፖች በሁለት ይከፈላሉ። አንደኛው ነጋዴው «ፓክድ» የሚለው፣ ካርቶኑ ያልተከፈተ፣ ግን ለተማሪና ለቤት አገልግሎት ተብሎ የተሠራው አዲስ ማሽን ነው። ሁለተኛው «ስላይትሊ ዩዝድ» የሚባለው፣ በውጭ አገር መሥሪያ ቤቶች ያገለገለ የቢሮ ላፕቶፕ ነው። የሌኖቮ ቲንክፓድ፣ የዴል ላቲቲውድ፣ የኤችፒ ኤሊትቡክና ፕሮቡክ በዚህ ረድፍ ይገኛሉ። ትልልቅ ኩባንያዎች ላፕቶፖቻቸውን ከሦስትና ከአራት ዓመት በኋላ በጅምላ ስለሚለውጡ፣ የተለወጠው ማሽን በነጋዴዎች እጅ ዞሮ እንደኛ ወዳሉ ገበያዎች ይመጣል።

ከሁለቱ የትኛው ያዋጣል ለማለት ግን በመጀመሪያ አንድ ቀን ማስታወስ ያስፈልጋል።

የጥቅምት 4 መስመር

ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረውን መደበኛ የደኅንነት ማሻሻያ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አቁሟል። ማሽኑ በዚያ ቀን አልጠፋም፤ መሥራቱን ይቀጥላል። ነገር ግን ከዚያ በኋላ የሚገኝ ቀዳዳ አይደፈንለትም። የድርጅቱ የባንክ ሒሳብ፣ የደንበኞች ዝርዝርና የግብር ሰነድ በዚያ ማሽን ላይ ከሆነ ጉዳዩ የኮምፒዩተር ጥገና ሳይሆን የገንዘብ ጥበቃ ነው።

ማሻሻያው እንዲራዘምለት የሚፈልግ ድርጅት በአንድ ኮምፒዩተር ለመጀመሪያው ዓመት 61 ዶላር እንዲከፍል፣ ክፍያውም በየዓመቱ እጥፍ እየሆነ እስከ ሦስት ዓመት እንዲቀጥል ተወስኗል። ሲደመር 61፣ 122 እና 244 ዶላር፣ በድምሩ 427 ዶላር ይሆናል። ያገለገለ ላፕቶፕ ለያዘ ሰው ይህ ማሽኑን ከመለወጥ የማይተናነስ ወጪ ነው።

ወደ ዊንዶውስ 11 ለመሻገር ደግሞ በጥቅሉ የኢንቴል ስምንተኛ ትውልድ ወይም ከዚያ በኋላ የተሠራ ፕሮሰሰር ያስፈልጋል። ስድስተኛና ሰባተኛ ትውልድ ከጥቂቶች በቀር ከመስመሩ ውጭ ናቸው። በውጭ ያሉ ድርጅቶች እነዚህን ማሽኖች ለማስወገድ ምክንያት አግኝተዋል ማለት ነው። ስለዚህ ዋጋው ዝቅ ብሎ የሚቀርብ የሰባተኛ ትውልድ ላፕቶፕ ሲያጋጥም ርካሽ የሆነበትን ምክንያት መጠርጠር ተገቢ ነው። ለመሸጥ በጅምላ የሚያመጣ ነጋዴም ቢሆን፣ መጨረሻ ላይ ዕቃው እጁ ላይ የሚቀርበት እርሱ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ማሳሰቢያ አለ። «ዊንዶውስ 11 ተጭኖበታል» የሚለው የሻጭ ቃል ማስረጃ አይሆንም። ፍተሻውን በዘዴ አልፎ በአሮጌ ማሽን ላይ መጫን ይቻላል፤ ማይክሮሶፍት ግን እንዲህ ለተጫነው ማሽን የወደፊት ማሻሻያ ዋስትና አይሰጥም። መታየት ያለበት ስክሪኑ ላይ ያለው ሥዕል ሳይሆን የፕሮሰሰሩ ቁጥር ነው።

ቁጥሩ እንዴት ይነበባል?

በማሽኑ መረጃ ላይ «ኮር አይ 5» ከሚለው ቀጥሎ የሚመጣው ቁጥር ትውልዱን ይናገራል። 7200 ካለ ሰባተኛ፣ 8250 ካለ ስምንተኛ፣ 10210 ካለ አሥረኛ፣ 1135 ካለ አሥራ አንደኛ ነው። በ7200 እና በ8250 መካከል ያለው ልዩነት የስም ብቻ አይደለም። የመጀመሪያው ሁለት ኮር ሲኖረው ሁለተኛው አራት አለው። ፒችትሪ፣ ኤክሴልና ኢንተርኔት በአንድ ጊዜ ከፍቶ የሚውል የሒሳብ ሠራተኛ ልዩነቱን በመጀመሪያው ቀን ያውቀዋል።

«አይ 5 ነው» ብቻ የሚል ሻጭ ስለዚህ የነገረን ግማሹን ነው። አሮጌ አይ 7 በአዲስ አይ 5 ሊበለጥ እንደሚችልም መዘንጋት የለበትም።

አዲሱስ?

ካርቶኑ ያልተከፈተው ርካሽ ላፕቶፕ የራሱ ድክመት አለው። በዝቅተኛው ዋጋ የሚገኘው ብዙውን ጊዜ ሴሌሮን ፕሮሰሰር፣ 4 ጊጋባይት ራም እና ከቦርዱ ጋር የተበየደ 64 ወይም 128 ጊጋባይት ማከማቻ የያዘ ነው። ዊንዶውስ 11ን ለመቀበል በወረቀት ደረጃ 4 ጊጋባይት ራምና 64 ጊጋባይት ማከማቻ ይበቃል፤ ለሥራ ግን አይበቃም። የተበየደው ደግሞ አይለወጥም፣ አይጨመርም። ለቢሮ ሥራ 8 ጊጋባይት ራምና 256 ጊጋባይት ኤስኤስዲ ዝቅተኛው ልክ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

በአንጻሩ በ2018 እ.ኤ.አ. የወጣውን ቲንክፓድ ቲ480 ብንወስድ ሁለት የራም ማስገቢያ አለው፤ ባትሪውም ሁለት ሲሆን አንዱ ማሽኑ ሳይከፈት ከውጭ ይነቀላል። ተከታዩ ቲ490 ግን አንዱ ራም የተበየደ ነው። የአንድ ፋብሪካ ምርት ሆነው እንኳ ይለያያሉና ሞዴሉን ለይቶ መጠየቅ ያሻል።

ስሌቱ

የሚከተለው ለስሌት ያህል የተወሰደ ምሳሌ እንጂ የዕለቱ የገበያ ዋጋ አይደለም። የስድስተኛ ትውልድ ማሽን በ25,000 ብር ተገዝቶ ከአንድ ዓመት በኋላ ቢለወጥ የዓመቱ ወጪ 25,000 ብር ነው። አዲሱ ሴሌሮን በ36,000 ብር ተገዝቶ ሁለት ዓመት ቢያገለግል በዓመት 18,000 ብር ይደርሳል። የስምንተኛ ትውልድ የቢሮ ላፕቶፕ በ40,000 ብር ተገዝቶ ለባትሪና ለራም 8,000 ብር ቢጨመርበትና ሦስት ዓመት ቢሠራ በዓመት 16,000 ብር ይሆናል። መጀመሪያ ከፍተኛ ገንዘብ የጠየቀው በመጨረሻ አነስተኛውን አስወጣ ማለት ነው። አሥረኛና አሥራ አንደኛ ትውልድ ሲሆን ደግሞ መልሶ ሲሸጥ የሚገኘው ዋጋም ይጨመራል።

ሱቅ ውስጥ መታየት ያለበት

ያገለገለ ማሽን ገዢ ገንዘቡን ከመቁጠሩ በፊት አራት ነገሮችን ቢያይ ይጠቀማል። አንደኛ ባትሪው ነው። የላፕቶፕ ባትሪ ከ300 እስከ 500 ጊዜ ያህል ሙሉ ከተሞላ በኋላ አቅሙ በግልጽ ይቀንሳል። ዊንዶውስ ራሱ ባትሪው ሲሠራ የነበረውንና አሁን የቀረውን አቅም ጎን ለጎን የሚያሳይ ሪፖርት ያወጣል፤ ሻጩን ማስወጣት ነው። መብራት በሚቆራረጥበት ቢሮ ደህና ባትሪ የዩፒኤስ ወጪ ያስቀራል።

ሁለተኛ፣ ማሽኑ ሲነሣ በሚገባበት የባዮስ ክፍል የይለፍ ቃል መኖር አለመኖሩን፣ እንዲሁም ዊንዶውስ እንደ አዲስ ሲጫን የቀድሞው ኩባንያ ስም መጥቶ መግቢያ መጠየቅ አለመጠየቁን ማረጋገጥ ነው። እንዲህ ያለ ማሽን ከቀድሞ ባለቤቱ ያልተፈታ ነው። ሦስተኛ፣ ከሥር የተጻፈው ሴሪያል ቁጥር በባዮሱ ውስጥ ካለው ጋር መመሳሰሉን ማየት ነው። አራተኛ ደረሰኝ ነው። ያለ ሕጋዊ ደረሰኝ የተገዛ ላፕቶፕ ለግብር በወጪነት ለመያዝ ያስቸግራል፤ የተጨማሪ እሴት ታክስ ተመዝጋቢ ለሆነ ድርጅትም በግዢው ላይ የከፈለውን ታክስ ማቀናነስ ያሳጣዋል። በደረሰኙ ላይ ሴሪያል ቁጥሩና የዋስትናው ጊዜ ቢጻፍ ኋላ ከሚመጣ ክርክር ያድናል።

አዲስ የቢሮ ላፕቶፕ ከነዋስትናው ለመግዛት አቅም ያለው ድርጅት ያንኑ ቢመርጥ አይነቀፍም፤ በተለይ ማሽኑ አንድ ቀን ቢቆም ሥራ የሚቆምበት ከሆነ። አቅሙ የተወሰነ ነጋዴ ግን ከደካማ አዲስ ይልቅ ጠንካራ ያገለገለ ቢይዝ ያዋጣዋል፤ ትውልዱ ከስምንት ካላነሰና ወረቀቱ ከተሟላ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል እንደሚባለው፣ በሱቅ ውስጥ ለፍተሻ የሚጠፋው ግማሽ ሰዓት ከዋጋ ድርድሩ የበለጠ ገንዘብ ያድናል።