የስኳር ሕመምተኛ በድንገት ሲወድቅና ደም ሲያንስ በቤት የሚደረግ እርዳታ

በቡና ለቀማ ወራት አንድ ጎልማሳ ማለዳ የኢንሱሊን መርፌውን ይወጋና «ስመለስ እበላለሁ» ብሎ ቁርስ ሳይቀምስ ወደ ቡናው ይወርዳል እንበል። ፀሐይ ከፍ ስትል ላብ ያጠምቀዋል፤ እጁ ይንቀጠቀጣል፤ አነጋገሩ ይተሳሰራል፤ በመጨረሻም ከቡናው ሥር ይወድቃል። ከተሰበሰበው ሰው አንዱ «ሰክሮ ነው» ይላል፤ ሌላው «የሚጥል በሽታ ነው፥ ክብሪት አሽትቱት» ይላል። በጅማም ሆነ በአጋሮ፥ በሊሙም ሆነ በጌራ እንዲህ ያለ ነገር ቢያጋጥም፥ ያ ሰው የሚያስፈልገው ክብሪት ሳይሆን ስኳር ነው።

ስኳር ለሰውነታችን እንደ ማገዶ ነው። ይህን ማገዶ ወደ ሥራው የሚያስገባው ከቆሽት የሚመነጨው ኢንሱሊን ነው። ኢንሱሊን እ.ኤ.አ. በ1921 በካናዳ ቶሮንቶ ከተማ ከመገኘቱ በፊት ቆሽታቸው ኢንሱሊን ማመንጨት ያቆመ ልጆች ብዙ ሳይቆዩ ይሞቱ ነበር። ዛሬ መድኃኒቱ አለ፤ ነገር ግን መርፌና ምግብ ካልተመጣጠኑ አደጋ ይመጣል።

ስኳር ሲያንስ። ምልክቱ በደቂቃዎች ውስጥ ይመጣል፤ ላብ፥ መንቀጥቀጥ፥ ረኃብ፥ የልብ ምት መፍጠን፥ ያለ ምክንያት መቆጣት፥ መደናገር ነው። በሽተኛው መዋጥ የሚችል ከሆነ 3 የሻይ ማንኪያ ስኳር በውሃ በጥብጣችሁ ወይም 1 የሾርባ ማንኪያ ማር ስጡት። ስኳር የሌለበት ቡና አይረዳውም። 15 ደቂቃ ጠብቁ፤ ካልተሻለው ድገሙለት፤ ሲሻለው እንጀራ ወይም ቂጣ ይብላ። ሕሊናውን ከሳተ ግን በአፉ ምንም አትጨምሩ፥ ያንቀዋልና። በጎኑ አስተኝታችሁ ሳትዘገዩ ወደ ሐኪም ቤት አድርሱት። በዚህ ሰዓት ኢንሱሊን መውጋት መግደል ነው።

ስኳር ሲበዛ። ይህ በሰዓታት ወይም በቀናት ውስጥ ቀስ እያለ ይመጣል። ብርቱ ጥም፥ ቶሎ ቶሎ መሽናት፥ ማስመለስ፥ የሆድ ሕመም፥ በረጅሙ መተንፈስ፥ እንደ በሰለ ፍሬ የሚሸት ትንፋሽ ይታያል። ብዙ ሰው «ወባ ነው፥ ጨጓራ ነው» እያለ ቀን ያሳልፋል። «ምግብ አልበላም» ተብሎ መርፌውን ፈጽሞ ማቋረጥ ትልቅ ስሕተት ነው። ነቅቶ ከሆነ ውሃ በጥቂት በጥቂቱ አጠጡት፤ በዚያው ቀን ሆስፒታል ይድረስ። ሁለቱን መለየት ቢያቅታችሁና በሽተኛው መዋጥ ቢችል፥ ስኳር ስጡትና ወደ ሐኪም ቤት ውሰዱት፤ የስኳር ማነስ ፈጥኖ ይገድላልና።

ጾም ለመጾም የሚያስብ ሕመምተኛ፥ ረመዳንም ይሁን ሁዳዴ፥ አስቀድሞ ሐኪሙን ያማክር።

የኢንሱሊን አቀማመጥ። ማቀዝቀዣ በሌለበት ቤት አንድ ትንሽ የሸክላ ማሰሮ በትልቁ ውስጥ አስቀምጡ፤ በመካከላቸው አሸዋ ሙሉና ውሃ አርከፍክፉበት። ብልቃጡን በትንሹ ማሰሮ ከታችሁ፥ ከምድጃና ከቆርቆሮ ጣራ ሙቀት ርቆ በጥላ ይቀመጥ።

ደም ሲያንስ። በግልገል ጊቤ ሸለቆ ወባ፥ በእርጥቡ የቡና መሬት ደግሞ በባዶ እግር ቆዳ የሚገባው መንጠቆ ትል ደም ያሳጣሉ። የዓይን ቆብ ውስጡና መዳፍ ነጣ ካሉ፥ ሰውየው ተቀምጦ ሳለ ቢያለከልክ ወይም ሕፃኑ ጡት መጥባት ቢያቅተው፥ ነገ አትበሉ። በነፍሰ ጡርና ከ5 ዓመት በታች ባለ ሕፃን ሄሞግሎቢን በዴሲ ሊትር ከ7 ግራም ሲያንስ ከባድ የደም ማነስ ነው፤ ደም መስጠት ሊያስፈልግ ስለሚችል፥ ለመለገስ የሚችል ዘመድ አብሮ ይሂድ።

በዘራቸው ደም አልቆም የሚል ካለ፥ ልጁን በቤት አትግረዙ፤ ጥርስም አትንቀሉ፤ አስፒሪንም አትስጡ። የሚደማውን በንጹሕ ጨርቅ ጠበቅ አድርጋችሁ ተጭናችሁ ወደ ሐኪም ቤት ሂዱ።

ለመከላከል ጫማ ማድረግ፥ በመጸዳጃ ቤት መጠቀም፥ በአጎበር መተኛት፥ ጎመንና ምስር መብላት ይገባል። ቡናና ሻይ በምግብ ውስጥ ያለውን ብረት ስለሚይዙ ከማዕድ ጋር ሳይሆን አንድ ሰዓት ያህል ቆይቶ መጠጣት ይሻላል።

የስኳር ሕመምተኛ ያለበት ቤት ሁሉ፥ ለለቀማ ሲወጣ በኪሱ ስኳር ቋጥሮ ይስደደው፤ አብረውት የሚለቅሙትም ሕመሙን ይወቁ። አንድ እፍኝ ስኳር በጊዜው ከተገኘ፥ የወደቀው ሰው ተነሥቶ ወደ ልጆቹ ይመለሳል።