የሞተር እስትንፋስ በቃሊቲ

ከአዲስ አበባ ወደ ደቡብ ወርዶ ቃሊቲን የሚያልፍ ሰው፣ የጉምሩክን ግቢና የአውቶቡስ መናኸሪያውን ትቶ ወደ ውስጥ ከሚገቡት መንገዶች ወደ አንዱ ቢታጠፍ፣ ዘይት ጠጥቶ በጠቆረ መሬት ላይ ካቢናቸውን ወደ ፊት ደፍተው እንደ ሰጋጅ የቆሙ የጭነት መኪናዎችን ያያል። ከእነዚህ መካከል ሞተራቸው ፈጽሞ የሞተ ጥቂቶች ናቸው፤ የሚበዙት ግን ደክመዋል እንጂ አልሞቱም፤ ሜዳውን ይሄዳሉ፣ ተሳቢ ጎትቶ ዐቀበት መውጣት ግን አቅቷቸዋል። ባለንብረቱም ወደ ዋናው መካኒክ ቀርቦ የሚናገረው ቃል ዘወትር አንድ ነው፦ «ጋሼ፣ ጉልበት ያንሰዋል፤ ይጨምሩልኝ።»

የዚህን ልመና ምክንያት ለመረዳት የአገራችንን መልክዐ ምድር ማሰብ ያስፈልጋል። ከጅቡቲ ወደብ ተነሥቶ በጋላፊ የሚገባው፣ በሚሌና በአዋሽ አልፎ አዳማንና ሞጆን ረግጦ ቃሊቲ የሚደርሰው መንገድ ከ800 ኪሎ ሜትር በላይ ሲሆን፣ መነሻው የባሕር ጠረፍ፣ መድረሻው ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍ ያለ ደጋ ነው። ወደ ታች ከምንሰደው ቡናና ሰሊጥ ይልቅ ወደ ላይ የምናመጣው ማዳበሪያ፣ ብረትና ስንዴ እጅግ ይከብዳልና፣ በእኛ አገር ከባዱ ጭነት ሁልጊዜ ዐቀበቱን እንዲወጣ፣ ቀላሉ ቁልቁለቱን እንዲወርድ ሆኖ ተደልድሏል። ከዚህም ጋር ሌላ ፈተና አለ፤ በቃሊቲ ከፍታ የአየሩ ግፊት በባሕር ጠረፍ ካለው ከአምስት አንዱን እጅ አጥቷል፤ ወደ ደሴ የሚጓዘው መኪና ጣርማ በር ሲደርስ ደግሞ ሲሶው ያህል ይጎድልበታል። እንግዲህ ሞተሩ አብዝቶ ሊተነፍስ በሚገባው ሰዓት የሚተነፍሰው አየር ይሳሳበታል ማለት ነው።

የናፍጣ ሞተር ባሕርይ ከቤንዚን ሞተር የሚለየው እሳቱን ከራሱ እስትንፋስ የሚያወጣ በመሆኑ ነው። ሩዶልፍ ዲዝል የተባለው ጀርመናዊ መሐንዲስ እ.ኤ.አ. በ1897 በአውግስቡርግ ከተማ ፈትኖ ያሳየው ጥበብ ይህ ነው፤ አየር በጠባብ ስፍራ አጥብቆ ሲታመቅ ሙቀቱ ከ500 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ይወጣል፤ በዚያን ጊዜ ናፍጣ ቢረጩበት ብልጭታ የሚሰጥ ካንዴላ ሳያስፈልገው ይነዳል። ናፍጣውን በየሲሊንደሩ ልክ እየመተረ የሚገፋውን ፓምፕ የጀርመኑ ቦሽ ፋብሪካ እ.ኤ.አ. በ1927 በብዛት ማምረት ከጀመረ በኋላ ይህ ሞተር በጭነት መኪና ላይ ተስፋፋ። ወደ እኛ አገር ከመጡትም ሁሉ የአዛውንቶቹን ልብ የያዘው፣ ፊያት እ.ኤ.አ. በ1952 ካወጣው የ682 ዘር የሆነውና ሾፌሮቻችን «ኤንትሬ» ብለው የሰየሙት መኪና ነው፤ ስድስት ሲሊንደሮቹን በአንድ ረድፍ አሰልፎ፣ ያለ ቱርቦ፣ በገዛ ሳንባው ብቻ እየተነፈሰ ዐቀበቶቻችንን ወጥቷል። ቴስታታ (የሲሊንደር ክዳን)፣ ጉርኒሲዮን (ማሸጊያ)፣ ፋሻ (የፒስተን ቀለበት)፣ ኮፓ (የዘይት ቋት) የሚሉት የጣልያን ቃላት ዛሬ የቻይና ሞተር በሚፈታ ወጣት አንደበት ሲነገሩ ስሰማ፣ ሙያው ከማን ወደ ማን እንደ ተላለፈ የሚመሰክር የቃል ታሪክ የሰማሁ ይመስለኛል።

አንድ ኪሎ ናፍጣ ፈጽሞ ይነድ ዘንድ 14 ኪሎ ተኩል ያህል አየር ይሻል። ይህን ቁጥር በልቡ የያዘ ሰው የቀረውን ሁሉ በቀላሉ ያስተውለዋል፤ ያልያዘው ግን ጉልበት ማለት ናፍጣ ማብዛት ብቻ መስሎት የፓምፑን ልክ ይከፍታል። መኪናው ለጥቂት ቀናት የበረታ ይመስላል፤ ወዲያው ግን ዐቀበት ላይ ጥቁር ጢስ ይተፋል፤ ያ ጢስ ባለንብረቱ ገንዘብ የከፈለበት፣ አየር አጥቶ ግን በቅጡ ያልነደደ ናፍጣ ነው። የባሰው ጉዳት ከዓይን የተሰወረው ሙቀት ነው። ንጹሕ አሉሚኒየም በ660 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይቀልጣል፤ ከአሉሚኒየም የተቀላቀለው ፒስተን ደግሞ ከዚያ ዝቅ ባለ ሙቀት መቅለጥ ይጀምራል። በዚህ ዓይነት ከተጎዳ ሞተር የወጣ አንድ ፒስተን በእጄ ይዤ ተመልክቻለሁ፤ አናቱ ከመካከሉ ወደ ጠርዙ እንደ ሻማ ፈስሶ፣ ፋሻዎቹ በቦያቸው ውስጥ ተጣብቀው ነበር፤ ሲነኩት ግን ለስላሳ ነበር፤ በአንድ ዐቀበት ላይ የጠፋ ንብረት ነው ብሎ ማመን እስኪያስቸግር ድረስ።

ስለዚህ በሙያው የበሰለ መካኒክ «ጉልበት ይጨምሩልኝ» ሲባል አስቀድሞ የጠፋውን ጉልበት ይፈልጋል። ሞተሩ ይወርዳል፤ ቴስታታው ይነሣል፤ ፒስተኖቹ ይወጣሉ። ከዚያም መካኒኩ መለኪያውን ከማንሣቱ በፊት የአውራ ጣቱን ጥፍር ፒስተኑ በሚመላለስበት ላይነር ውስጥ ከታች ወደ ላይ ሲያንሸራትት አይቻለሁ፤ ጥፍሩ ከአፉ ጥቂት ዝቅ ብሎ በአንዲት ቀጭን እርከን ይያዛል፤ ይህችም እርከን ፋሻው ለብዙ ዓመታት እየፋቀ ግድግዳውን እንዳሰፋው የምታስረዳ ምልክት ናት። በሰፋው በኩል የታመቀው አየር ወደ ኮፓው ያመልጣል፤ አየሩ ካመለጠ ሙቀቱም ጉልበቱም ከእርሱ ጋር ሄደ። አዲስ ላይነር ከገባ በኋላ ፋሻው ብቻውን በውስጡ ይቀመጥና በሁለቱ ጫፎቹ መካከል ያለው ክፍተት በስስ የብረት ቅጠል ይለካል፤ የሚሊ ሜትር ግማሽ ገደማ የሆነ ክፍተት ነው፤ ቢጠብ ፋሻው በሙቀት ሲለጠጥ ይሰበራል፤ ቢሰፋ አየሩ ያልቃል። ቫልቮቹም በመቀመጫቸው ላይ ተፍቀው ይገጠማሉ፤ ናፍጣ ይፈስባቸውና ያድራሉ፤ ጧት አንዲት ጠብታ ካሳለፉ ሥራው ይደገማል።

ከሁሉ የረቀቀው ናፍጣውን የሚረጨው የኖዝል ሥራ ነው። ኖዝሉ በእጅ በሚገፋ መፈተኛ ላይ ታስሮ ክንዱ ሲጫን፣ ጤነኛው ኖዝል አጭር የጩኸት ድምፅ አውጥቶ ናፍጣውን ከጽንሐሕ እንደሚወጣ የዕጣን ጢስ አሳስቶ ይበትነዋል፤ የታመመው ግን በአንድ ወገን ያሾልከዋል ወይም ያንጠባጥበዋል። የሚንጠባጠብ ናፍጣ በጊዜው አይነድም፤ ዘግይቶ ይነዳል፤ ዘግይቶ የነደደ ደግሞ ፒስተኑን በመግፋት ፈንታ ያቃጥለዋል። በአዲሶቹ መኪናዎች ናፍጣው ከ1,600 ባር በሚበልጥ ግፊት በጋራ ቧንቧ ተከማችቶ በኤሌክትሮኒክስ ትእዛዝ ስለሚረጭ፣ የአንዲት ትቢያ ጥፋት ከቀድሞው ይልቅ በብዙ ይከፋል፤ በቃሊቲ አቧራ መካከል የኖዝል ክፍል በሩን ዘግቶ የሚሠራውም ስለዚህ ነው።

ይህ ሁሉ ተደርጎ ሞተሩ ወደ ቀድሞ ጉልበቱ ከተመለሰ በኋላ ነው ስለ ጭማሪ መነጋገር የሚገባው፤ ጭማሪውም ከአየር ይጀምራል። ስዊሳዊው መሐንዲስ አልፍሬድ ቡኺ እ.ኤ.አ. በ1905 የባለቤትነት መብት ያስመዘገበበት ሐሳብ፣ ወደ ውጭ ተተፍቶ የሚባክነው የጋለ ጢስ አንድ መንኰራኵር እንዲያሽከረክር፣ በዚያው ዘንግ ላይ ያለውም ሌላ መንኰራኵር ንጹሕ አየር ወደ ሲሊንደሩ እንዲገፋ ማድረግ ነው፤ ቱርቦ የምንለው ይኸው ነው። ደጋ ላይ የሳሳውን አየር አክብዶ ለሞተሩ የሚሰጥ በመሆኑ ለእኛ አገር የተፈጠረ ያህል ይስማማል። ነገር ግን ቱርቦ ሳይኖረው በተሠራ ሞተር ላይ ፒስተኑን፣ የዘይቱን አፈሳሰስና የራዲያተሩን አቅም ሳይመረምሩ መግጠም፣ ለደካማ ጫንቃ ድርብ ሸክም መስጠት ነው። አየሩ ታምቆ ሲሞቅ ስለሚሳሳ ማቀዝቀዣ ያስፈልገዋል፤ አየሩ ከበዛ በኋላ ብቻ ናፍጣው በልኩ ይጨመራል። የዲፈረንሻሉ ምጣኔም ለተሳቢ ሥራ የተመቸ መሆኑ መታየት አለበት፤ ሞተሩ ቢበረታ እንኳ ጉልበቱ መሬት የሚነካው በእርሱ በኩል ነውና።

ሞተሩ ሲገጠም የቴስታታው ብሎኖች ከመካከል ወደ ዳር፣ ደረጃ በደረጃ ይጠብቃሉ። ከተነሣም በኋላ ስድስቱ ሲሊንደሮች 1፣ 5፣ 3፣ 6፣ 2፣ 4 በሚል ተራ ይነዳሉ፤ ይህን ተራ ያስተዋለ ሰው አንዱ ከፊተኞቹ ሦስት፣ ቀጣዩ ከኋለኞቹ ሦስት እየሆነ ሲሄድ ያያል። በማኅሌት ቀኝና ግራ ቆመው ዜማውን እየተቀባበሉ የሚያደርሱትን መዘምራን ያሳስበኛል፤ አንዱ ወገን ቢደክም ዜማው ሁሉ እንደሚጎድል፣ አንዱ ሲሊንደር ቢሰንፍም ዘንጉ በሙሉ ይንቀጠቀጣል። የቃሊቲ መካኒክ መዳፉን ቴስታታው ላይ አኑሮ የሚያዳምጠው ይህን ቅብብል ነው።

አዲስ የታደሰ ሞተር ወዲያው ሙሉ ጭነት አይጫንበትም፤ ፋሻውና ላይነሩ እርስ በርሳቸው ተፋቅረው እስኪለሳለሱ ድረስ ሮዳጅ ይገባል። ባለንብረቱ ይቸኩላል፤ መካኒኩ ግን ወደ ጅቡቲ የሚወርደውን ቀላል ጭነት ይመርጥለታል፤ ሞተሩ ሥራ ሳይፈታ፣ ጫና ሳይበዛበት፣ ቆላውን በዝግታ እየወረደ ይገራል። እንዲህ ታድሶ ያየሁት አንድ መኪናም ግማሽ ጭነት ሰሊጥ ጭኖ፣ ረዳቱ በመስኮት አንገቱን አውጥቶ የጢሱን ቀለም እየተመለከተ፣ በቱሉ ዲምቱ በኩል ወረደ።