ታይተው የማይጠገቡ ፊልሞች

አንድ ፊልም በወጣ ሰሞን ያስገባው ገንዘብ ከዓመታት በኋላ ስንት ሰው ደጋግሞ እንደሚያየው አይናገርም። አሜሪካውያን እየመላለሱ ከሚያዩአቸው ፊልሞች መካከል ሁለቱ፣ «ኢትስ ኤ ወንደርፉል ላይፍ» እና «ዘ ሾውሻንክ ሪደምፕሽን»፣ ሲኒማ ቤት በገቡበት ወቅት ለሠሪዎቻቸው ያተረፉት ኪሳራ ነበር። ዛሬ ያላቸውን ፍቅር ያገኙት በቴሌቪዥን ነው፤ ያውም ማንም ባላቀደው መንገድ።

«ኢትስ ኤ ወንደርፉል ላይፍ»ን ፍራንክ ካፕራ የሠራው ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ባበቃ ማግስት ነው። በጄምስ ስቱዋርት የተተወነው ጆርጅ ቤይሊ ከልጅነቱ ጀምሮ ዓለምን የመዞር ምኞት ነበረው። ነገር ግን የአባቱ ሞትና ለድሆች የቤት መሥሪያ የሚያበድረው የቤተሰቡ ድርጅት ኃላፊነት እየተደራረቡበት ከትንሿ ከተማው ሳይወጣ ይቀራል። በገና ዋዜማ የድርጅቱ 8,000 ዶላር ይጠፋል። ጆርጅ ራሱን ሊያጠፋ ድልድይ ላይ ሲቆም አንድ መልአክ ደርሶ፣ እሱ ባይወለድ ኖሮ ከተማዋ ምን ትመስል እንደነበር ያሳየዋል። በፊልሙ ላይ የሚታየው ክረምት የተቀረጸው በ1946 በጋ ሙቀት ነው። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) እስከዚያ ድረስ ሆሊውድ ለበረዶ የሚጠቀመው ነጭ ቀለም የተቀባ የበቆሎ ፍሌክስ ነበር። ይህ ሲረገጥ ስለሚንኮሻኮሽ የተዋንያኑን ድምፅ ይሸፍን ነበር። የካፕራ ባለሙያዎች የእሳት ማጥፊያ አረፋን ከሳሙናና ከውኃ ጋር ቀላቅለው ድምፅ የማያሰማ በረዶ ሠሩ።

ፊልሙ ለአምስት ኦስካር ታጭቶ አንዱንም አላገኘም። ለአከፋፋዩ ድርጅትም ከ500,000 ዶላር በላይ ኪሳራ አስመዘገበ። ዕጣውን የለወጠው አንድ የቢሮ ዝንጉነት ነው። በወቅቱ በነበረው የአሜሪካ ሕግ የአንድ ፊልም የቅጂ መብት 28 ዓመት ይቆይና ባለቤቱ ካላሳደሰው ያበቃ ነበር። በ1974 የማሳደሻው ጊዜ ሲደርስ የመብቱ ባለቤት የነበረው ኩባንያ ሳያሳድስ አለፈ። ከዚያ በኋላ የትኛውም የቴሌቪዥን ጣቢያ ሳይከፍል ሊያሳየው ቻለ። ትንንሾቹ ጣቢያዎች ለታኅሣሥ ወር የሚሆን ነጻ የገና ፊልም ሲያገኙ በቀን ሁለት ሦስት ጊዜ ከመልቀቅ ወደኋላ አላሉም። በዚህ መካከል አንድ ትውልድ ፊልሙን ከገና ዛፍ ጋር አብሮ ለመደው።

ነጻነቱ ለዘለዓለም አልቆየም። በ1990 የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ስለ ሌላ ፊልም፣ ስለ አልፍሬድ ሂችኮክ «ሪር ዊንዶው»፣ በሰጠው ውሳኔ አንድ ፊልም የተመሠረተበት ድርሰት ባለቤት ምን ያህል መብት እንዳለው አብራራ። ሪፐብሊክ ፒክቸርስ የተባለው ኩባንያ በዚህ ውሳኔ ተደግፎ፣ የፊልሙ መነሻ የሆነው አጭር ልብ ወለድ መብት በእጄ ነው ሲል በ1993 ጣቢያዎቹን አስቆመ። በ«ሪር ዊንዶው» ክስ መዝገብ ላይ ከተከራካሪዎቹ አንዱ ሆኖ ስሙ የሰፈረው፣ በሁለቱም ፊልሞች መሪ ተዋናይ የነበረው ጄምስ ስቱዋርት መሆኑ የሚያስገርም ግጥምጥሞሽ ነው።

የ«ሾውሻንክ» መንገድ ሌላ ቢሆንም መድረሻው ይመሳሰላል። ፍራንክ ዳራቦንት ከስቲቨን ኪንግ ልብ ወለድ የሠራው ይህ የወህኒ ቤት ታሪክ በ1994 ለሕዝብ ሲቀርብ 25 ሚሊዮን ዶላር ወጥቶበት መጀመሪያ ዙር ላይ 16 ሚሊዮን ገደማ ብቻ አስገባ። በዚያው ሰሞን «ፎረስት ጋምፕ» እና «ፐልፕ ፊክሽን» የሰውን ዓይን ይዘው ነበር። ርዕሱም ቢሆን ስለ ምን እንደሆነ ለማንም አይነግርም። ለሰባት ኦስካር ታጭቶ ባዶ እጁን ተመለሰ፤ ነገር ግን ዕጩነቱ ሰዎችን ወደ ቪዲዮ ማከራያ ሱቆች ላካቸውና በ1995 በብዛት ከተከራዩት ካሴቶች አንዱ ሆነ። በ1997 ደግሞ ቲኤንቲ የተባለው የኬብል ጣቢያ ማሳየት ጀመረ። የጣቢያው እናት ኩባንያ ካስል ሮክ የተባለው የፊልሙ አዘጋጅ ድርጅት ባለቤት ስለነበር ዋጋው አላሳሰበውም። ፊልሙ ከወጣ ከሃያ ዓመት ገደማ በኋላ፣ በ2013 ብቻ፣ በአሜሪካ የኬብል ጣቢያዎች ላይ 151 ሰዓት ያህል እንደታየ ተዘግቧል።

እንዲህ ሲባል ማንኛውም ፊልም ደጋግሞ ከታየ ይወደዳል ማለት አይደለም። መብታቸው ያለቀ አሮጌ ፊልሞች ብዙ ናቸው፤ አብዛኞቹን ማንም አያስታውሳቸውም። «ሾውሻንክ» ከመካከሉ ቢጀመርም ሰው ይይዛል። እያንዳንዱ ትዕይንት ራሱን የቻለ ትንሽ ታሪክ ስለሆነ ቴሌቪዥኑን በድንገት የከፈተ ሰው ሳያስበው መጨረሻው ድረስ ይቀመጣል። ዋናው ነገር ግን መጨረሻውን ማወቅ መጀመሪያውን የሚለውጠው መሆኑ ነው። (ፊልሙን ያላየ አንባቢ የሚቀጥሉትን ሁለት ዐረፍተ ነገሮች ቢዘላቸው ይሻለዋል።) መጀመሪያ ሲታይ በእስረኛው አንዲ ክፍል ግድግዳ ላይ የተለጠፈው የፊልም ተዋናይት ፎቶ ጌጥ ብቻ ነው፤ ሁለተኛ ጊዜ ሲታይ የማምለጫ ቀዳዳ መጋረጃ ነው። የወህኒ ቤቱ አዛዥ መዳን የሚገኘው በዚህ ውስጥ ነው ብሎ መጽሐፍ ቅዱሱን ለአንዲ ሲመልስለት፣ መቆፈሪያው መዶሻ በገጾቹ መካከል ተደብቆ እንዳለ ተመልካቹ ያውቃልና በአዛዡ ላይ ይስቃል። ምን ይመጣ ይሆን የሚለው ጉጉት ሲጠፋ በቦታው የሚተካው ምሥጢር የማወቅ ደስታ ነው።

ሥነ ልቦና አጥኚዎችም ወደዚህ ቀርበዋል። በሳን ዲያጎ ካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በ2011 የታተመ ጥናት አጫጭር ልብ ወለዶችን ለአንዳንዶች መጨረሻቸውን አስቀድሞ ነግሮ፣ ለሌሎች ሳይነግር አስነበባቸው፤ የተነገራቸው በአማካይ ይበልጥ ወደዷቸው። ከዚያ በኋላ የተሠሩ ጥናቶች ሁሉ በዚህ አይስማሙም፤ ውጤቱ ግን ያወቁትን ታሪክ መልሶ መፈለግ እንግዳ ጠባይ አለመሆኑን ለማሳየት ይበቃል። ክሪስቴል ረስልና ሲድኒ ሌቪ በ2012 ባወጡት ሌላ ጥናት ደግሞ ሰዎች ወደ አሮጌ ፊልም የሚመለሱት ፊልሙን ብለው ብቻ ሳይሆን በመካከሉ ራሳቸው ምን ያህል እንደተለወጡ ለማየትም እንደሆነ አመልክተዋል።

አንዳንድ ፊልሞች ደግሞ ከበዓል ጋር ተጣብቀው የቀን መቁጠሪያ አካል ሆነዋል። ሩሲያውያን በአዲስ ዓመት ዋዜማ የሚያዩት የኤልዳር ራያዛኖቭ «የዕጣ ፈንታ ፌዝ» መጀመሪያ በሶቪየት ቴሌቪዥን የታየው ጥር 1 ቀን 1976 ነው። ታሪኩ የሚቆመው በሶቪየት ከተሞች አንድ ዓይነት ሆነው በተሠሩ ሕንፃዎች ላይ ነው። ከጓደኞቹ ጋር ጠጥቶ የሰከረ የሞስኮ ሰው በስህተት በአውሮፕላን ሌኒንግራድ ይደርሳል። እዚያም በራሱ አድራሻ ይጠይቃል፤ መንገዱ አለ፣ ቤቱ አለ፣ ቁልፉም ይከፍታል። ጀርመናውያን ደግሞ በአዲስ ዓመት ዋዜማ «ዲነር ፎር ዋን» የተባለውን የ18 ደቂቃ ቀልድ ያያሉ። በ1963 በእንግሊዝኛ የተቀረጸ ነው፤ በቃላቸው የሚያውቁት ስለሆነ ትርጉም አያሻቸውም። አንዲት የ90 ዓመት ባለጸጋ ከሞቱ ብዙ ጊዜ የሆናቸውን አራት ወዳጆቿን ለእራት ትጋብዛለች፣ አሽከሯም በእነርሱ ፈንታ አራት ብርጭቆ እየጠጣ ይንገዳገዳል። ሥርዓቱ እንደ አምናው ይሁን ወይ እያለ በየመካከሉ ይጠይቃታል፤ እሷም እንደ ሁልጊዜው ትለዋለች። ስለ መደጋገም የሚቀልደው ፊልም ራሱ ሳይቋረጥ የሚደገም ሆኗል።

በመደጋገም የህንድ ተመልካች የሚወዳደረው ያለ አይመስልም። በነሐሴ 1975 የወጣው «ሾሌ» በሙምባይ ሚነርቫ ሲኒማ አምስት ዓመት ያህል ታይቷል፤ የተዋንያኑ ንግግር ብቻ በሸክላ ታትሞ ስለተሸጠ ሰው ቃላቱን እንደ ዘፈን በቃሉ ያጠና ነበር። በጥቅምት 1995 የወጣው የሻሩክ ካንና የካጆል «ዲልዋሌ ዱልሃኒያ ሌ ጃዬንጌ» ደግሞ እዚያው ሙምባይ በማራታ ማንዲር ሲኒማ በ2014 አንድ ሺህ ሳምንት ሞላው። በማግስቱ ዓመት ሊቆም ነው ሲባል ተመልካቹ ተቃውሞ እንዲቀጥል አደረገ። ሲኒማ ቤቱ ከትልቅ ባቡር ጣቢያ አጠገብ ነው፣ ቲኬቱም ርካሽ ነው። ባቡር የሚጠብቅ መንገደኛም ገብቶ ያርፋል፣ ለሃያኛ ጊዜ የመጣው ደግሞ በፊልሙ መጨረሻ አባት የሴት ልጁን እጅ ሲለቅና እሷ ወደ ባቡሩ ስትሮጥ ከወንበሩ ተነሥቶ ያጨበጭባል።

ይህ ለኢትዮጵያውያን ባዕድ አይደለም። የህንድ ፊልም በአዲስ አበባ ሲኒማ ቤቶች፣ በኋላም በቪዲዮ ቤቶች፣ ለረጅም ዘመን ታማኝ ተመልካች ነበረው። ሂንዲ የሚያውቅ ከአዳራሹ ውስጥ እምብዛም አልነበረም፤ ነገር ግን ዘፈኑ፣ የእናት ለቅሶና የበቀሉ ነገር ተርጓሚ አይጠይቅም። ቀጥሎም ትርጉም ፊልም በሚል የሚጠራው፣ የውጭ ፊልም ላይ በአማርኛ እየተናገሩ የሚያቀርቡበት ሥራ መጣና ያንኑ የቆየ ፊልም መልሶ ማየትን ለአዲስ ትውልድ አስለመደ።

የኢንተርኔት አገልግሎቶች ሲመጡ ሰው ሁሌ አዲስ ነገር ብቻ ያሳድዳል ተብሎ ተጠብቆ ነበር። እንደዚያ አልሆነም። በ2004 ያበቃው ተከታታይ ድራማ «ፍሬንድስ» አሥራ አምስት ዓመት ቆይቶ እንኳ ኔትፍሊክስ ላይ በብዛት ከሚታዩት አንዱ ነበር። ኩባንያው ለ2019 አንድ ዓመት እንዲያቆየው 100 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ለመክፈል እንደተስማማ ተዘግቧል። የተከፈለው ሰው አስቀድሞ በቃሉ ለሚያውቀው ነገር ነው።